የአሮጌ መኪና ጭስ፣ ሽታና የቫኪዩም ችግር፦ ካርቡራተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

ካርቡራተሩ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታጠበ። አዲስ ካንዴላ ገባ፣ የካንዴላ ገመድም ተቀየረ። መኪናዋ ግን ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ያው መንቀጥቀጧን፣ የማርሚታው ሽታም ዓይን ማቃጠሉን አልተወም። የመጨረሻው መካኒክ ሽታውን አሽትቶ «ቤንዚን በዝቶባታል» አለና የቅልቅሉን ብሎን አጠበበው። በማግስቱ ጠዋት ጭራሽ አልነሳም አለች።

ጥፋቱ የተገኘው ሦስተኛ ጋራዥ ከመሄዴ በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ነው። ከአየር ማጣሪያው ቤት ሥር የተደበቀች፣ ከትንሽ ጣት የማትረዝም ጎማ ቱቦ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃ አየር ትስብ ነበር። የተሰነጠቀውን ጫፍ በምላጭ ቆርጬ መልሼ ሰካኋት። ወጪው ዜሮ ብር።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ ካርቡራተር ላላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለተሠሩ ቶዮታዎች ባለቤቶች ነው፤ እኛ አገር «ዲኤክስ» እያልን የምንጠራቸውን ኮሮላዎች ጨምሮ። ሌላ መኪና ያላችሁም የቱቦው አቀማመጥ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ ምርጫ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ይቺን ልብ በሉ፦ የቤንዚን ሽታ ሁልጊዜ «ቤንዚን በዛ» ማለት አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

ሞተር ቤንዚንን በደንብ የሚያቃጥለው አንድ ኪሎ ቤንዚን ከ14.7 ኪሎ አየር ጋር ሲደባለቅ ነው። ቤንዚኑ ከዚህ ሲበዛ የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነው፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። አየሩ ሲበዛ ደግሞ ቅልቅሉ በጣም ከመሳሳቱ የተነሳ አንዳንዴ ጭራሽ አይቀጣጠልም። ያልተቀጣጠለው ቤንዚን የት ይሄዳል? እንዳለ በማርሚታ በኩል ይወጣል። ስለዚህ አየር በዝቶበትም ሞተሩ ቤንዚን ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል። ጥቁር ጭስ ግን የለውም።

መካኒኩ በሽታው ብቻ ፈርዶ ቤንዚኑን ሲቀንስ ችግሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ሽታ ካለ ወደ ብሎኑ ከመሄዳችሁ በፊት «ይሄ ሞተር በማይገባው ቦታ አየር እየሳበ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል ይህን ጥያቄ የመመለሻ ዘዴ ነው።

ሌሎቹን የጭስ ቀለሞች በአጭሩ ላንሳቸው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ጎማዎቹ ናቸው፤ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር የሚብስ ከሆነ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) ጠርጥሩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያባራ፣ ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር ገብቷል ማለት ነው፤ እዚህ መመሪያ ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ የቴስታታውን ጋስኬት አሳዩ። በክረምት ጠዋት የሚታየው ስስ ነጭ ጭስ ግን እንፋሎት ነው፣ አያስጨንቅም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዋናው መሣሪያ የቫኪዩም ጌጅ ነው፤ የሞተሩን መምጠጥ የሚለካ። ውድ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ከገዛችሁት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሁለተኛው በእጅ የሚጨመቅ የቫኪዩም ፓምፕ ነው። ፓምፑ ራሱ ጌጅ ያለው ከሆነ አንዱ ለሁለቱም ይሆናል። ከዚህ ሌላ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጭን ጎማ ቱቦ፣ ውሃ መርጫ ጠርሙስ፣ የተነጠለ ቱቦ ለመድፈን ውፍረታቸው የተለያየ ጥቂት ብሎኖች፣ ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ ያዙ። የስልካችሁን ካሜራም አትርሱ፤ አንድ ቱቦ ከመንቀላችሁ በፊት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁም ቁጥር ጻፉበት። እኔ ይህን ንቄ አንድ ሙሉ እሑድ የቱ ቱቦ የት እንደነበር ስፈልግ ውያለሁ።

ብዙ መኪና ላይ የኮፈኑ የውስጥ ገጽ የቫኪዩም ቱቦዎቹን ንድፍ የያዘ ወረቀት ተለጥፎበታል። ካለላችሁ ወርቅ ነው፤ አቧራውን ቀስ ብላችሁ ጠርጉለት እንጂ በቤንዚን እንዳታጥቡት።

ሥራው ሞተር አስነስቶ የሚሠራ ስለሆነ ገላጣ ቦታ ላይ አቁሙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሰው ይገድላል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ፈቱ፣ ነጠላና ሻርፕ ከማራገቢያው አርቁ።

ቫኪዩሙ ከየት ይመጣል?

ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። ነዳጅ ስትሰጡ የሚከፈተው፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ክብ ሳህን ዝግ ሲሆን ከሱ በታች ያለው ማኒፎልድ ውስጥ ኃይለኛ መምጠጥ ይፈጠራል። ቫኪዩም የምንለው ይህንኑ ነው። ሁለት ዓይነት መነሻ አለው፤ ልዩነቱ ካልገባችሁ ምርመራው ሁሉ ይምታታባችኋል።

ከሳህኑ በታች የሚነሳው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ጊዜም ይመጥጣል። የፍሬኑ ሰርቮ (መርገጡን የሚያቀልለው ዕቃ) እና የዘይት ቤቱ መተንፈሻ ቫልቭ የሚያያዙት እዚህ ነው። ከሳህኑ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚነሳው ደግሞ በሚኒሞ ጊዜ ምንም አይመጥጥም፤ ነዳጅ ሰጥታችሁ ሳህኑ ቀዳዳውን ሲያልፈው ነው ሥራ የሚጀምረው። የዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚያከፋፍለው) ቫኪዩምና ጭስ ወደ ሞተር የሚመልሰው ቫልቭ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዙት በዚህኛው ነው። ሞተር ሲታጠብ ወይም ሲፈታ ሁለቱ ቱቦዎች ተዘበራርቀው ከተሰኩ መኪናው ሚኒሞ ላይ ይታመማል፣ የተበላሸ ዕቃ ግን አይገኝም። ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

በዓይንና በእጅ

ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሳይሞቅም፣ እያንዳንዱን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ ዳስሱት። ጫፉን ጠምዘዝ አድርጋችሁ እዩት፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከመሰኪያው ሥር ነው፣ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አይታይም። እንደ ደረቀ እንጀራ የሚሰባበር ቱቦ መቀየር አለበት። ዘይት ጠጥቶ እንደ ማስቲካ የለሰለሰም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ሲመጠጥ ጎኖቹ ተጣብቀው ይዘጋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ይከፈታል፤ ቆማችሁ ስታዩት ደህና ነው። ብሎን ወይም ምስማር የተወተፈበት ቱቦ ካያችሁ ፎቶ አንሱት፤ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው አንድ ነገር «አስተካክሎበታል» ማለት ነው፤ ምን እንደሆነ ወደ ፊት ታገኙታላችሁ።

ቱቦ ስትቀይሩ የውስጥ ስፋቱን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ሰፊ ቱቦ በሽቦ ጠፍሮ ማሰር ለሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ወደዚሁ ገጽ ትመለሳላችሁ።

ጌጁን ስታነቡ ከፍታውን አትርሱ

ሞተሩን አስነስታችሁ በደንብ ይሙቅ፤ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየሩን የሚያጠበው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ጌጁን በባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አድርጋችሁ ከሳህኑ በታች በሚነሳ ቱቦ ላይ ግጠሙት።

የውጭ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ሁሉ «ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል» ይላሉ። ጌጁ ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለምም እዚያው ላይ ነው የተቀባው። ይህ ግን የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ከጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ግፊቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው ከ10 እስከ 13 ኢንች አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ከ11 እስከ 15፣ ድሬዳዋ ከ13 እስከ 17 ብትጠብቁ ከእውነቱ አትርቁም።

ይህን ሳያውቅ ጌጅ የገዛ ሰው «12 አሳየኝ፣ ሞተሬ አልቋል» ብሎ ሞተር ሊያስፈታ ይችላል። እኔ ቁጥሩን ስረዳ ደስታዬን ለጎረቤቴ ለመንገር ሄጄ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ጌጅ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ማስረዳት ነበረብኝ።

ከቁጥሩ ይልቅ የቀስቱ አካሄድ ብዙ ይናገራል። ቀስቱ ጸጥ ብሎ ቆሞ ግን ከሚጠበቀው 3 ወይም 4 ኢንች ዝቅ ካለ ሞተሩ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም ታይሚንጉ (ካንዴላው የሚያቀጣጥልበት ጊዜ) ዘግይቷል። እንደ ልብ ምት በእኩል ጊዜ ዝቅ ከፍ የሚል ከሆነ አንድ ሲሊንደር አልሠራም፤ የተቃጠለ ቫልቭ ወይም የሞተ ካንዴላ ሊሆን ይችላል። ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ የቅልቅሉ ነገር ነው። ሚኒሞ ላይ በፍጥነት ተንቀጥቅጦ ዙሩ ሲጨምር የሚረጋ ከሆነ የቫልቭ መምሪያዎቹ አልቀዋል።

አሁን ዙሩን ወደ 2,500 ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ቀስቱ ከፍ ብሎ ከቆመ በኋላ ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ጭስ መውጫው ታፍኗል፤ ውስጡ የተሰባበረ ማርሚታ ወይም የተደፈነ ካታሊስት ነው። በመጨረሻ ነዳጁን በድንገት ሰጥታችሁ በድንገት ልቀቁት፦ ቀስቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ሲመለስ ከቀድሞው ቦታው ጥቂት ኢንች አልፎ ይሄድና ይረጋል። አልፎ ካልሄደ ፋሻውን ተጠራጠሩ፤ ኮምፕሬሽን አስለኩ።

የሚስበውን ቦታ ማደን

ቀስቱ ዝቅ ብሎባችኋል እንበል። ጌጁን እዚያው እንዳለ ትታችሁ እያንዳንዱን ቱቦ ከማኒፎልዱ አጠገብ በፒንሳ ቀስ አድርጋችሁ ጨምቁ፤ ጎማውን እንዳትቆርጡት ጨርቅ አድርጉበት። አንዱን ስትጨምቁ ቀስቱ ወደ ላይ ከዘለለና ሞተሩ ከተረጋጋ ጥፋቱ ከዚያ ቱቦ ወዲያ ነው። ከቱቦው ጀምራችሁ ወደሚያዘው ዕቃ ተከተሉት።

የፍሬን ሰርቮውን ወፍራም ቱቦ አትዝለሉት። ሚኒሞ ላይ ፍሬን ስትረግጡ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠና እንደረገጣችሁ ካልተመለሰ የሰርቮው ዲያፍራም (ውስጡ ያለው ስስ ጎማ) ተቀዷል። ይህ የጭስ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ ርገጡ፤ ሲደነድን ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ቱቦው፣ ቱቦው ላይ ያለው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ወይም ሰርቮው ራሱ ተበላሽቷል።

ቱቦዎቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ የሚቀረው መጋጠሚያ ነው፦ ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትና ካርቡራተሩ የተቀመጠበት ወፍራም መሠረት። መሠረቱ ከሙቀት የተነሳ የመሰንጠቅ ልማድ አለው፣ ካርቡራተር ብዙ ጊዜ በተፈታ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። እዚህ ጋ ውሃ በመርጫ በትንሹ እየረጫችሁ ድምፁን አዳምጡ። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው ሞተሩ ይለወጣል። ዲስትሪቢዩተሩንና የካንዴላ ገመዶቹን አታርሱ።

ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ እየረጩ የሚፈትሹ አሉ። ይሠራል። ግን የጋለ የጭስ ማኒፎልድ አጠገብ ተቀጣጣይ ነገር መርጨት ነውና እኔ አላደርገውም፣ ምከረን ብትሉም አልመክርም።

የዘይት ቤቱ መተንፈሻ ቫልቭ

ከፋሻው አልፎ ወደ ዘይት ቤቱ የሚያመልጥ ጋዝ አለ፤ ጤነኛ ሞተርም ጥቂት አለው። ድሮ ይህ ጋዝ በቀጥታ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። ቫልቩ ጋዙን መልሶ ወደ ማኒፎልድ ይልከዋል። በቫልቭ መክደኛው ላይ ጎማ ውስጥ የተሰካ፣ ወፍራም ቱቦ ያለው አውራ ጣት የሚያክል ነገር ነው።

ሞተሩ እየሠራ ከጎማው ነቅላችሁ ጣታችሁን አፉ ላይ አድርጉ። ጠንከር ያለ መሳብ ሊሰማችሁ ይገባል። ካልሳበ ተደፍኗል፣ ወይም ቱቦው ተጨፍልቋል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ቃጭል ማለት አለበት። ድምፅ ከሌለው ውስጡ በዘይት ጭቃ ተጣብቋል። በነጭ ጋዝ ዘፍዝፎ ማጽዳት አንዳንዴ ያድነዋል፤ አዲሱ ርካሽ ስለሆነ ግን ካገኛችሁ ቀይሩት። ልብ በሉ፣ ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ ልክ እንደ ተሰነጠቀ ቱቦ ነው፤ ሚኒሞውን ያበላሻል።

ቫልቩን መልሳችሁ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና አፉ ላይ ስስ ወረቀት አኑሩ። ከአፍታ በኋላ ወረቀቱ ወደ ታች ከተሳበ ሁሉ ነገር ደህና ነው። ወደ ላይ እያራገበ ከጣለው ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል፣ ወይ ከፋሻው የሚያመልጠው ጋዝ ከአቅሙ በላይ ሆኗል። የአየር ማጣሪያው ቤት ውስጥ ዘይት ተጠራቅሞ ካገኛችሁም ምክንያቱ ይኸው ነው።

የተቃጠለውን ጭስ ወደ ሞተር የሚመልሰው ቫልቭ

እንጉዳይ የሚመስል፣ አናቱ ላይ ቀጭን ቱቦ የተሰካበት ብረት ነው። ሁሉም መኪና ላይ የለም፤ የጭስ ሕግ ላልነበራቸው አገሮች የተሠሩ ኮሮላዎች ብዙዎቹ የላቸውም፣ ከጃፓን ወይም ከአሜሪካ ገበያ የመጡት ግን ብዙውን ጊዜ አላቸው። ሥራው ጥቂት የተቃጠለ ጭስ መልሶ ወደ ሲሊንደር በማስገባት ቃጠሎውን ማቀዝቀዝ ነው፤ ቃጠሎው በጣም ሲግል ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ ይፈጠራልና።

ሁለት ዓይነት ሕመም አለው። ከመቀመጫው ሥር ጥላሸት ገብቶ ክፍት ከቀረ ሚኒሞው ይንገዳገዳል፣ ፍሬን ይዛችሁ ስትቆሙ ይጠፋል። ጭራሽ የማይከፈት ከሆነ ደግሞ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር የተበተነ ያህል ይንቃጨላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ድምፅ ብዙም ላይሰማችሁ ይችላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ይላል። ወደ አዋሽ ወርዳችሁ ሙቀቱና የአየሩ ግፊት ሲጨምር ነው የሚጋለጠው። «እዚህ ደህና ነበረች፣ ቆላ ስትወርድ ታመመች» የሚባለው መኪና አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሙከራው፦ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ ቱቦውን ንቀሉና የእጅ ፓምፑን በቦታው ሰክታችሁ ጭመቁ። ቫልቩ ከተከፈተ ሞተሩ ወዲያው ይንገዳገዳል ወይም ይጠፋል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። የፓምፑ ጌጅ ቫኪዩሙን ካልያዘ ዲያፍራሙ ቀዷል። ቫኪዩሙን ይዞ ሞተሩ ግን ምንም ካልመሰለው የጭሱ መተላለፊያ በጥላሸት ተደፍኗል፤ ቫልቩን ፈትታችሁ በሽቦ ብሩሽና በካቻቢቴ ጫፍ ፈርፍሩት፣ ፍርፋሪው ወደ ማኒፎልዱ እንዳይገባ ግን ጨርቅ ወትፉበት።

ቶዮታ ላይ ከዚህ ቫልቭ አጠገብ ክብ የፕላስቲክ ዕቃ አለ፤ የጭሱን ግፊት እያየ ቫኪዩሙን የሚመጥን ነው። ክዳኑን ስታነሱ ውስጡ ትንሽ ማጣሪያ ታገኛላችሁ። አቧራ ሲሞላው ቫልቩ በማይገባው ጊዜ ይከፈታል። በአየር ንፉት፣ ያልፍለታል።

ብዙ ጋራዥ መፍትሔው ቱቦውን በብሎን መድፈን ነው። ቅድም ያያችሁት የተወተፈ ቱቦ ምናልባት ይኸው ነው። የሚኒሞው ችግር ለጊዜው ይጠፋል፤ ግን ካርቡራተሩና ታይሚንጉ የተመጠኑት ቫልቩ እንደሚሠራ ታስቦ ስለሆነ በጭነት ጊዜ ሞተሩ ይግላል። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ይህ አያዋጣችሁም፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የተሠራ የቤንዚን መኪና የጭስ ምርመራ አለበት፣ መርማሪው ዕቃው ተሟልቶ መኖሩን በዓይኑ ያያል።

ትንንሾቹ ቫልቮች

ማኒፎልዱ ወይም የውሃ ቱቦው ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የገባ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቱቦ የተሰካበት ፕላስቲክ አለ። የውሃውን ሙቀት እያየ ቫኪዩም የሚከፍትና የሚዘጋ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ጭስ መላሹ እንዳይከፈት ይጠብቃል። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቱቦውን ነቅላችሁ ንፉበት፣ ሲሞቅ ድገሙት። አየር የማሳለፉ ነገር በሁለቱ መካከል ካልተለወጠ ሞቷል። ስትፈቱት ውሃ ይፈሳልና ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት።

በቱቦ መሐል የተሰካች፣ ሁለት ጎኗ ሁለት ቀለም ያለው ትንሽ ክብ ፕላስቲክ ካያችሁ ቫኪዩሙን የምታዘገይ ናት። በአንድ በኩል ሲነፋ በቀላሉ ታሳልፋለች፣ በሌላው ትከብዳለች። በሁለቱም ከቀለለች ወይም ከተዘጋች ቀይሯት። ተገልብጣ ከተሰካች ደግሞ ጥፋቷ ከመበላሸት አይለይም፤ ለዚህ ነው ፎቶ አንሱ ያልኩት።

በኤሌክትሪክ የሚታዘዙት ባለ ሁለት ሽቦ ናቸው። 12 ቮልት ስትሰጧቸው «ጠቅ» ማለት አለባቸው፤ በኦም ሜትር ብዙዎቹ ከ30 እስከ 50 ኦም ያሳያሉ።

የቤንዚን ትነት የሚያጠራቅመው ጥቁር የከሰል ጣሳም አለ። ቤንዚን ጠጥቶ ከከበደ ወይም ቱቦው ከተነቀለ ቆሞ ሳለ ግቢውን ቤንዚን ያሸታል። ታንኩን አፍ እስከ አፍ መሙላት የሚገድለው ይህን ጣሳ ነው።

የዲስትሪቢዩተሩ ቫኪዩም

«ቤንዚን ትበላለች፣ ዳገት አትችልም» የሚባሉ መኪናዎች ብዙዎቹ ላይ ይህ ዲያፍራም ቀዷል። ቱቦውን ነቅላችሁ ፓምፑን ሰኩ፣ 10 ኢንች ያህል ሳቡና ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ቀስቱ ከወረደ ቀዷል። ፓምፕ ከሌላችሁ በቱቦ በአፋችሁ ምጠጡና ጫፉን በምላሳችሁ ያዙት፤ ምላስ ላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት። ክዳኑን ከፍታችሁ የምታዩ ከሆነ ስትመጥጡ ሳህኑ ሲዞር ታያላችሁ።

ታይሚንግ በመብራት ስታስተካክሉ ይህ ቱቦ ተነቅሎ መደፈን እንዳለበት በመኪናው መጽሐፍ ወይም በኮፈኑ ወረቀት ላይ እዩ። ይነቀል የሚል ከሆነ ሳይነቀል የተስተካከለ ታይሚንግ የተሳሳተ ነው።

አሁን ብሎኑን መንካት ትችላላችሁ

የሚስበው ሁሉ ተደፍኖ፣ ቫልቮቹ ተፈትሸው፣ የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ፣ ቾኩም ተከፍቶ ከሆነ ብቻ። ቾኩን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ግማሽ ተዘግቶ የቀረ ቾክ ጥቁር ጭስ ያመጣል፣ በብሎን አይስተካከልም።

ደጋ ላይ ካርቡራተር በተፈጥሮው ቤንዚን ያበዛል። አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ያው ነው። ስለዚህ ጠረፍ ላይ ልክ የነበረ መኪና እዚህ ትንሽ ጠቆር ያለ ጭስ ቢያወጣ አያስደንቅም።

ጌጁ እንደተገጠመ የቅልቅሉን ብሎን በሩብ ዙር በሩብ ዙር ፍቱ፤ ቀስቱ ከፍ እያለ ሄዶ የማይጨምርበት ቦታ ላይ ይደርሳል። እዚያ አቁሙ። ሚኒሞው ከፍ ካለ በሌላው ብሎን ወደ ልኩ መልሱት፤ ልኩ ኮፈኑ ላይ ተጽፏል። ከዚያ የቅልቅሉን ብሎን ቀስቱ በጣም ጥቂት ዝቅ እስኪል ድረስ አጥብቡ። የሚወርደው ግማሽ ኢንች እንኳ አይሞላም። እስከ መጨረሻው ጨምቃችሁ እንዳታጠብቁት፤ ጫፉ ስለታም መርፌ ነው፣ ከጎደጎደ ዳግም አይስተካከልም።

ከዚህ በኋላ የጭስ መለኪያ ያለበት ቦታ ብታስለኩት ወረቀቱን እንዲህ አንብቡት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ካለ ቤንዚን በዝቷል። ሃይድሮካርቦን ብቻውን ከፍ ካለ ያልተቀጣጠለ ቤንዚን እየወጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ቫልቭ ወይም አሁንም ያልተገኘ የሚስብ ቦታ አለ። ኦክስጅን ከፍ ካለ አየር በዝቷል፣ ወይም ማርሚታው ተበስቶ የውጭ አየር እየገባ መለኪያውን እያታለለው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 14 ከመቶ ሲጠጋ ቃጠሎው ጥሩ ነው። መለኪያ ይሆናችሁ ዘንድ፣ በእንግሊዝ ዓመታዊ ምርመራ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1986 እስከ ጁላይ 1992 ሥራ ላይ ለዋሉ መኪናዎች የሚፈቀደው ካርቦን ሞኖክሳይድ እስከ 3.5 ከመቶ፣ ሃይድሮካርቦን እስከ 1,200 ከሚሊዮን ነው። በደንብ የተስተካከለ ካርቡራተር ከዚህ በጣም ዝቅ ማለት ይችላል።

ጌጁን ከመንቀላችሁ በፊት ቁጥሩን፣ ቀኑንና የኪሎ ሜትር ንባቡን በነጭ ቀለም ኮፈኑ ውስጥ ጻፉ። የኔ ላይ ስንጥቁ ከመገኘቱ በፊት 8 ነበር፣ ቀስቱም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቱቦዋን ቆርጬ ስመልሳት 12 ላይ ጸጥ ብሎ ቆመ። ከቦሎ ምርመራ በፊት በየዓመቱ አንዴ እለካለሁ፣ 11 ካሳየኝ ከአየር ማጣሪያው ሥር ነው የምጀምረው።